በብርሃን ክር የሚሄድ መልእክት የፍጥነት አቈጣጠር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ዕዳ ስላለብኝ ነው። ባለፈው ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ለቡድናችን መልስ የምሰጠው እኔ እንደ ነበርሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የመጨረሻው ጥያቄ «ኦሲ 12 የተባለው የብርሃን መሥመር በኤስቲኤም አቈጣጠር ስንት ይባላል?» የሚል ነበር። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት «ኤስቲኤም 12» ብዬ መለስሁ። በቀኜ የተቀመጠችው ጓደኛችን «አራት በል! አራት ነው!» እያለች እጅጌዬን ስትጐትት አልሰማኋትም፤ እንዲያውም እጅዋን ገፋ አደረግሁት። መልሱ አራት ነበረ። ዋንጫውም ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

እርስዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔን ግን ከዋንጫው ይልቅ የከነከነኝ «እንዴት ዐወቀች?» የሚለው ነገር ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ደፍሬ ብጠይቃት «ሁለት ቍጥር ብቻ ነበር የማስታውሰው፤ የቀረውን አካፈልሁት» አለችኝ። እነዚያ ሁለት ቍጥሮች ከየት እንደ መጡ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

የሰው ድምፅ በዲጂታል ስልክ ሲላክ በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት፥ ማለት በአንድ ባይት ይጻፋል። 8000 በ8 ሲባዛ 64,000 ነውና፥ አንድ ንግግር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይፈጃል። በዚህ ላይ አሜሪካም አውሮፓም ተስማምተዋል። የተለያዩት ንግግሮቹን በአንድነት ለማሰር በተነሡ ጊዜ ነው። አሜሪካኖች 24 ንግግር በአንድ ነዶ አሰሩና 1.544 ሜጋቢት አደረጉት፤ አውሮፓውያን 30 ንግግርና 2 የአገልግሎት ቦታ ጨምረው 2.048 ሜጋቢት አደረጉት። ወደ ላይ እየወጡ በሄዱ ቍጥር ልዩነቱ ባሰ፤ በወዲያ 44.736፥ በወዲህ 34.368ና 139.264 ሆነ። አንዱ ነጋዴ በቁና፥ ሌላው በእንቅብ የሚሰፍርበትን ገበያ አስቡት።

ሌላም ችግር ነበረ። 34.368 በአራት ሲባዛ 137.472 ነው እንጂ 139.264 አይደለም። ትርፉ ከየት መጣ? የየመሥመሩ ሰዓት ፍጹም እኩል ስላልነበረ፥ ልዩነቱን ለማቻቻል ሲባል መሙያ ቢቶች ከነምልክታቸው ይጨመሩ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት በቀጥታ ማባዛት ያሳስታል። እኔ ተማሪ በመሆኔ ይህን ሳነብ ደስ አላለኝም።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ሶኔት የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። መነሻው 9 ረድፍና 90 ዐምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ በጠቅላላው 810 ባይት ይሆናል። ይህ ሠንጠረዥ በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይላካል። ጓደኞቼ፥ ይህ 8000 ከላይ ያየነው የድምፅ ልክ ራሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ! ስለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ባይት የአንድ ስልክ ንግግር ያህል ነው። 810 በ64,000 ሲባዛ 51,840,000 ይሆናል። ይህ 51.84 ሜጋቢት በብርሃን ክር ሲሄድ ኦሲ 1 ይባላል።

አውሮፓውያን ግን 139.264 የሆነውን ትልቁን ነዶአቸውን በ51.84 ውስጥ ሊያስገቡት አይችሉም፤ ሦስት እጥፍ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካሪ ኮሚቴ ኤስዲኤች የተባለውን ሥርዓት ሲያጸድቅ መነሻው 9 ረድፍና 270 ዐምድ ሆነ። 270 የ90 ሦስት እጥፍ ነው። ይህም ኤስቲኤም 1 ነው፤ ፍጥነቱ 155.52 ሜጋቢት። የጓደኛዬ ሁለት ቍጥሮች እነዚህ ናቸው።

እንግዲህ የኦሲን ቍጥር ለሦስት ማካፈል ነው። ኦሲ 12 ኤስቲኤም 4 ነው፥ 622.08 ሜጋቢት፤ ኦሲ 48 ኤስቲኤም 16፥ 2488.32፤ ኦሲ 192 ደግሞ ኤስቲኤም 64፥ 9953.28። በዚህ ሥርዓት ሰዓቱ አንድ ስለ ሆነ ብዜቱ አንዲት ቢት አያተርፍም፥ አያጐድልም። ይሁን እንጂ ፍጥነታቸው እኩል ሆነ ማለት የሁለቱ ወገን መሣሪያዎች ያለ ማስተካከያ ይግባባሉ ማለት አይደለም፤ በሠንጠረዡ መሪ ዐምዶች ውስጥ የሚለያዩ ምልክቶች አሉ።

ሁለተኛው ስሕተት፥ የመሥመሩን ፍጥነት ከጭነቱ ጋር ማምታታት ነው። ከ270 ዐምድ 9ኙ ለመሪነትና ለጥበቃ ይሄዳል፤ አንዱ ደግሞ ጭነቱን ይከተላል። ለጭነቱ የሚቀረው 260 ዐምድ፥ 149.76 ሜጋቢት ነው። እህል ሲመዘን ጆንያው እንደሚቀነስ ማለት ነው። ይህን ለ8 ስናካፍለው በሴኮንድ 18.72 ሜጋባይት እናገኛለን። ሜጋባይትን አንድ ሚሊዮን ባይት ብለን፥ 936 ሜጋባይት የሆነ ፊልም 50 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ቢትን ከባይት ያምታታና ጆንያውን የረሳ ሰው ግን 6 ሴኮንድ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያም መሥመሩን ይረግማል። በቤታችንም እንዲህ ያለ እርግማን ሰምቻለሁ፤ ማን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስቃል።

ዛሬ ብዙው አዲስ ሥራ የሚሠራው በኤተርኔትና ኦቲኤን በሚባለው ሥርዓት ነው። ቢሆንም የኦቲኤን የመጀመሪያው ደረጃ የተሰላው ከዚያው ከ2488.32 ነው፤ ይህ ቍጥር በ255 ተባዝቶ ለ238 ሲካፈል 2666.06 ገደማ ይሆናል። ከ255 ባይት 238ቱ ጭነት፥ 1 ለአስተዳደር፥ 16ቱ ደግሞ በመንገድ የተበላሸውን ለማረም ነው።

ይህን ሁሉ ስሌት ጓደኛችን ተመልክታዋለች። 149.76 ባልሁበት ቦታ አስቀድሞ 149.67 ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያረመችው እርስዋ ናት። በዘንድሮው ውድድር ለቡድናችን መልስ የምትሰጠውም እርስዋ ስትሆን፥ እኔ በግራዋ እቀመጣለሁ።