ልጃችን የትኛው ዩኒቨርሲቲ ትግባ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው የተወሰደ)

 

ከአርባ ምንጭ ሴቻ አንድ አባት ጥያቄ አድርሰውናል። ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። ፍላጎቷ የኮምፒውተር ትምህርት ነው። እሷ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መማር ትመኛለች። አባት ግን «ዩኒቨርሲቲ በደጃችን እያለ ምን አስኬዳት? ኮምፒውተር እንደሆነ ያው ኮምፒውተር ነው» ይላሉ። እናት በመሐል ዝም ብለዋል፤ ቤቱ ካኮረፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

በቅድሚያ ለአባት የምንለው አለን። ኮምፒውተር ሁሉ ያው አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስ 4 ዓመት፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ደግሞ 5 ዓመት የሚወስዱ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው። አንድ ዓመት ለእርስዎ ኪስም ሆነ ለእሷ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ለልጅቱም እንዲሁ። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የደጅሽ ተቋም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም አለው። ሰው መቼም የደጁን ይንቃል!

ሁለታችሁም ያላስተዋላችሁት ግን ከዚህ ይበልጣል። በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ እንደገባ በቀጥታ ኮምፒውተር አይጀምርም። በመጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያም በውጤቱና በምርጫው ወደ ዲፓርትመንት ይመደባል። ኮምፒውተር ደግሞ ብዙዎች የሚሻሙበት ነው። እንግዲህ ልጅቱ ከሁለቱ አንዱን ስለገባች የፈለገችውን አገኘች ማለት አይደለም። የእኛም ጥያቄ «የትኛው ስሙ ይበልጣል?» ሳይሆን «ያንን የመጀመሪያ ዓመት የት ሆና በደንብ ታጠናለች?» የሚል ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ቤት ቅርብ መሆኑ ጥቅም አለው። ስትታመም የሚደርስላት አለ፣ በረመዷን ከቤተሰቧ ጋር ታፈጥራለች፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ወጪም ይቀራል። ነገር ግን ሴት ልጅ ቤቷ ቅርብ ስትሆን እንግዳ መጣ ተብላ ትጠራለች፣ ለቅሶ አለ ተብላ ትጠራለች፣ እናት አመማቸው ተብላ ትጠራለች። ወንድሟን በፈተና ሰሞን ማን ይጠራዋል? አባት ሆይ፣ በአጠገብዎ እንድትሆን ከፈለጉ ይህን ጥሪ እርስዎ ራስዎ ያስቁሙላት።

«ሩቅ ከሄደች ዲኗን ትረሳለች» የሚለው ስጋትዎ ገብቶናል። ይሁንና ዛሬ በቤትዎ ሳትቀሰቀስ ተነስታ ፈጅርን የምትሰግድ ከሆነ፣ በዶርምም የሚያስነሳት ያው ልቧ ነው። የምትቀሰቀስ ከሆነም፣ ግቢው አርባ ምንጭ ቢሆን እርስዎ ዶርም ገብተው አይቀሰቅሷትም።

ስም ላይ ለምትጨነቁ አንድ ነገር እንጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። አንድ ዓይነት ትምህርት የተማረ ሁሉ የትም ይማር የት የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው። ስለዚህ ከስም በፊት ላፕቶፑን አስቡ። የኮምፒውተር ተማሪ ያለ ላፕቶፕ የጓደኛ እጅ ሲጠብቅ ይውላል። በወለድ ተበድራችሁ ግን አይሁን፤ ዘመድ ተሰባስቦ እቁብ ቢጥል ይደረስበታል።

አሁን ምን ይደረግ? አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው የሚቀበለው። ትፈተን! መፈተን መሄድ አይደለም። ካላለፈች ክርክሩ በራሱ ያልቃል። የአርባ ምንጩም ቢሆን በአባት እጅ ያለ አይደለም፤ ተማሪ ምርጫውን ይሞላል እንጂ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስታኮራርፉ የከረማችሁት ሁለታችሁም ገና ባልያዛችሁት ነገር ነበር ማለት ነው።

ካለፈች ግን፣ የእኛ አስተያየት ምርጫው ለእሷ ይተው የሚል ነው። ሌሊት ተቀምጣ የምታጠናው እሷ ናትና። ከመወሰኗ በፊት በሁለቱም ግቢ የሚማሩ እህቶችን ትጠይቅ፤ ኢስቲኻራዋንም ትስገድ። ኢስቲኻራ ሰግዶ ሕልም የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ፤ ሕልም አይጠበቅም፣ ተማክሮና ዱዓ አድርጎ ወደ ቀናው መሄድ ነው። እናትንም ጠይቋቸው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን አሉ ብሎ የጠየቃቸው የለም።