ቀትር፣ ሙቀትና የእናት ስልክ

እሷ፦ እዚህ ጅቡቲ ከተማ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ልጅን ውጪ ማሰብ አይቻልም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በሩ ይዘጋል፣ ቬንቲሌተሩ ይከፈታል፣ ልጁ የእናቱን ስልክ ይዞ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። እናትየዋን በምን አፌ ልውቀሳት?

እሱ፦ መውቀሱ ይቅር እህቴ። ግን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበርድስ? ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ልጆች ኳስ ሲራገጡ እሱ ከተጋደመበት አይነሳም።

እሷ፦ የሚያስነሳው የለማ! ወላጁም ስልኩ ላይ ነው። ደግሞ እኛ ከአገር ርቀን የምንኖር ነን፤ ከአያቱ ጋር በዋትስአፕ ማውራቱን ከቲክቶክ ጋር አንድ ላይ አልቆጥርበትም።

እሱ፦ ልክ ነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ለትልልቆቹ እኔ የምለው፦ ምግብ ሲቀርብ የአባትም ስልክ ሳይቀር ቁም ሳጥን ላይ ይውጣ፤ ማታ ቻርጀሩ ከመኝታ ክፍል ውጪ ይሰካ።

እሷ፦ ቀትር ላይ ደግሞ ቅልልቦሽ አለ እኮ! አምስት ጠጠር ብቻ ነው የሚፈልገው። የዛሬ ልጆች ግን አያውቁትም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ያስፈልጋል።