የእጅ ስልክ ካርታና የየካ እንግዳ



ወደ የካ ክፍለ ከተማ የመጣ እንግዳ ምግብ ቤት ወይም ሆቴል ሲጠይቅ የሚሰጠው ምልክት «ከሾላ ገበያ ከፍ ብሎ»፣ «ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድ ብሎ» የሚል ነው። የእጅ ስልክ ካርታ ግን የሚመራው በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው። ስለዚህ ካርታዎችን የሚያነጻጽር ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው፣ ነጥቡን በቦታው ያስቀመጠው ማን እንደ ሆነና መቼ እንዳስቀመጠው ነው።

ጉግል ካርታ የባለቤቶችን ምዝገባ፣ የደንበኞችን አስተያየትና የሥራ ሰዓትን በአንድነት ስለሚያቀርብ ምግብ ቤት ለመምረጥ ይበልጣል። ኦርጋኒክ ማፕስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ካርታው አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የእግር መንገድንና የከፍታ መስመርንም ስለሚያሳይ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ይጠቅማል። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በዚያ ተራራ፣ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ማረፊያ ለእግረኛ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ግን አንድ ድካም ይጋራሉ። ከአራት ኪሎ በቀበና እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲታደስ በዳሩ የነበሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤቱ ቢፈርስም ነጥቡ ሰው እስኪያነሣው ድረስ በካርታው ላይ ይኖራል። ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረው ባለ ምግብ ቤትም በአዲሱ ቦታው እስኪመዘገብ ድረስ ለእንግዳው እንደሌለ ይቈጠራል፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል።

በየሰፈሩ እየዞረ የሚለካ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ነጥብ በጥቂት ደቂቃ ሊያርም ይችላል። ካርታውን ያመነ እንግዳ በሌሊት ባዶ ቦታ ላይ እንዳይቀር መጠንቀቅ ለሙያው ባዕድ አይደለም።