የምናውቀውን መንገር ገበያ ሆነልን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ደንበኛ ነው። ዕጣን የምንለቅምና ሰሊጥ የምናበጥር ሴቶች ደንበኛ እንዴት አገኘን? እንዴትስ አጣን? ሁለቱንም እንነግራችኋለን።

የቀድሞውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገዢ ራሱ ወደ እኛ አይመጣም ነበር። ደላላ ዋጋ ይቆርጣል፣ እኛም የተቆረጠልንን እንቀበላለን። በጋላባት በኩል የነበረው ገበያም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ፊታችንን ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ማዞር ግድ ሆነብን። እዚያ ያለው ሰው ግን አያውቀንም። መተማ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው፤ ለቡናው የሚያጨሰው ዕጣን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከልጆቻችን አንዷ የቴሌግራም ቻናል ከፈተችልን። መጀመሪያ የጻፍነው «ምርጥ ዕጣን አለን፣ ይደውሉ» የሚል ነበር። ይህንኑ በየቀኑ ላክን። የደወለ የለም ማለት ይቻላል። ኋላ ነገሩ ገባን፤ ምርጥ የለኝም የሚል ሻጭ የት አለ?

አንድ ቀን አንዲት እናት «ዕጣኑ አንዳንዱ ነጣ ያለ፣ አንዳንዱ ቡናማ የሆነው ምን ተቀላቅሎበት ነው?» ብለው ጠየቁን። ቁጭ ብለን መልሱን ጻፍን። ዝናብ ካበቃ በኋላ የዛፉ ልጥ በትንሹ እንደሚፋቅ፣ ሙጫው ወጥቶ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ቦታ እንደገና እንደሚፋቅ ነገርናቸው። ትልልቁና ነጣ ያለው ከፍ ያለ ደረጃ እንደሚይዝ፣ ደቃቁና ልጥ የያዘው ዝቅ እንደሚል አስረዳን። ለቤት ጭስ ውዱን መግዛት የግድ እንዳልሆነም ጨመርንበት። ያንን መልስ ሰው ለሰው አስተላለፈው። ከዚያ ወዲያ «ርካሹም ይበቃሻል ያላችሁት እናንተ ናችሁ?» እያለ የሚደውል መጣ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጥያቄ መርጠን መመለስ ልማድ አደረግን። በጾም ወቅት ስለ ሰሊጥ ፍትፍት ይጠይቁናል፤ ሲቆላ ካረረ እንደሚመርር እንነግራለን። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት እንደሚያበላሸው፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልግ እንጽፋለን። መጻፍ የማትችለው አባላችን ትናገራለች፤ ልጇ ትጽፋለች።

አሁን ያጣንበትን እንንገራችሁ። ትእዛዝ በበዛበት ሰሞን «በእጅ የተለቀመ» ብለን የጻፍንበትን ሰሊጥ ሳንለቅመው ጫንነው። ጎንደር ያለች አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ጠጠሩን በመዳፏ ይዛ ፎቶ ላከችልን። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከመካከላችን «ዝም እንበል» ያሉ ነበሩ፤ አመሻሹን ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ ጥፋታችንን ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፍን፤ ምትኩንም የትራንስፖርቱን ከቁጠባችን ከፍለን ላክን። እሷ ዳግመኛ አላዘዘችም። ያንን ጽሑፍ አንብበው የመጡ ግን ዛሬም ደንበኞቻችን ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻናሉ ዝም አለ። ያን ጊዜ በየከረጢቱ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ከተትን፤ ደረጃውን፣ የተለቀመበትን ወር፣ የለቀመችውን ሴት ስምና የማኅበሩን ስልክ የያዘ። ወረቀቱን ያነበቡ ሰዎች ስልክ በሠራ ቁጥር ፈለጉን። የደንበኞቻችንን ስልክ በደብተር መዝግበን ባንይዝ ኖሮ ግን ብዙዎቹን ባጣናቸው ነበር።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ንግድ የምትጀምሩ ሁሉ፦ የተጠየቃችሁትን ጻፉ። ዋጋን ከነማጓጓዣው ተናገሩ። ፎቶው የራሳችሁ ዕቃ ይሁን። ቀን ቁረጡና በዚያ ቀን አትቅሩ። የጻፋችሁትን ከመጫናችሁ በፊት መልሳችሁ አንብቡት፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው እንደዚያ ካልሆነ አትጫኑት።

ደጋፊዎቻችንም፣ ስለ ስልኩ እናመሰግናለን። አሁን የሚቸግረን ጥሩ ወንፊት፣ የታመነ ሚዛንና ለአባሎቻችን የማታ ትምህርት ነው። እያንዳንዷ የምታውቀውን በገዛ እጇ እንድትጽፍ እንፈልጋለን።

በዚህ ሳምንት የመጣልንን ጥያቄ ነግረናችሁ እንጨርስ። «ዛፉ አያልቅም ወይ?» ይላል። እውነቱን ታውቁታላችሁ፤ ያለ ዕረፍት የተፋቀ ዛፍ ይደክማል፣ ችግኙን ከብትና ሰደድ እሳት ያጠፋዋል፣ በቆላችን የሚተካ ወጣት ዛፍ እየጠፋ ነው። ይህን ብንጽፍ ገዢ ይሸሸን ይሆን ብለን ፈራን። ስለ ጠጠሩ ስንጽፍም ፈርተን ነበር። ዛፎቻቸውን ከሚያሳርፉ ሰብሳቢዎች ብቻ ለመግዛት ከተስማማን፣ መልሱን የፊታችን ቅዳሜ እንጽፈዋለን። ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ድምፅ እንድትሰጡበት እንለምናለን።