ከጫቱ በኋላ ያለው ጨብሲ

የዚህ ትውልድ ልጆች፣ ስለ ሰንደቅና ስለ ታሪክ ሲሆን አዳራሹ ይሞላል፤ ዛሬ ግን ስለ ጨብሲ ላውራችሁ። አትሳቁ! ኤችአይቪ በጫት ወይም በቢራ አይተላለፍም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ከሰዓት ይቃማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ኪስ ውስጥ ያለው ኮንዶም ትዝ አይልም። ሥራ አጥነት ነው እዚህ ያደረሰን ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ቫይረሱ ግን ይህን ሰምቶ አያልፈንም።

ያለ ኮንዶም ከሆነ፣ አፍራችሁ ቤት አትቀመጡ። 72 ሰዓት ሳይሞላ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለ28 ቀን ስለሚዋጠው መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ። «ስካሩ ይልቀቀኝ፣ ሰኞ እሄዳለሁ» ሲባል ነው ሰዓቱ የሚያልቀው። መድኃኒት የጀመራችሁም በመካከላችን አላችሁ፤ መጠጥ ባለበት ምሽት የክኒናችሁ ሰዓት እንዳያልፍ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።