በጨለማ ስለሚኬድ መንገድ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ እንደ ፍልስፍና የረቀቀ፥ እንደ ፖለቲካም የጋለ አይደለም። ነገሩ ስለ መንገድ ነው፤ ይኸውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሚኬድ መንገድ ነው። እኛ ከወግዲ፥ ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ነን። ወደ ትምህርታችን ስንመጣም ሆነ ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንመለስ መንገዳችን በደሴ፥ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ የለጋምቦን ደጋ ያቋርጣል። ብርዱንና ጉሙን፥ ጥምዝማዙንና ገደሉን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል።

በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በዚሁ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የምናነሣው አደጋውን ጨለማ አመጣው ለማለት አይደለም፤ መንገዱ ለስሕተት ምሕረት እንደሌለው ለማስታወስ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ጨለማን ወድደንና ፈቅደን ስንጨምርበት ምን እያደረግን ነው? የምንጠይቀው ይህን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከመቶው 92ቱ የሚሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁላችን ነገሩ የሚመለከተን ሰዎች ነን።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዕረፍት ከደሴ ተሳፍረን ወደ አገራችን ስንሄድ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸና እስኪጠገን ድረስ መሸ። አቀስታ ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጉሙም ወርዷል። ሾፌሩ «ልጆቼ፥ እዚህ እንደር፤ ሲነጋ እንሄዳለን» አለ። እኛ ግን ጮኽንበት። «ቤታችን ደርሰን እንዴት መንገድ ላይ እናድራለን? አንተ ፈሪ ነህ!» ያልነውም ነበርን። አንዲት አሮጊት እናት ከኋላ ሆነው «ልጆቼ፥ መንገዱ ነገም እዚሁ ነው» አሉን። አልሰማናቸውም። ሾፌሩም ተሸንፎ ተነሣ።

ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንሄድ አንድ ጥምዝ ላይ አህያ የሚነዳ ገበሬ ድንገት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ፍሬኑን ያዘ። ሰውየው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ አህያው ግን እግሩ ተሰበረ፥ ጭነቱም መንገዱ ላይ ተበተነ። ገበሬው አልተቆጣም፤ አህያውን እያየ ዝም አለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ኪሳችንን ዳበስን፤ ለካሳ የሚሆን ገንዘብ ከዚህም ከዚያም ተዋጣ። ከዚያ በኋላ ነው ያፈርነው። አቀስታ ላይ «ይሂድ፥ ይሂድ» ብለን የጮኽነው እውነቱን ለመናገር ደፋሮች ስለ ሆንን አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ለአልጋ የምንከፍለው ስላልነበረን፥ ይህንንም ለመናገር ስላፈርን ነው። ለአልጋ አልተገኘም ያልነው ገንዘብ ለአህያው ተገኘ። ጥምዙ በሌላ በኩል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለምን እንደሚዋጣ ታውቁታላችሁ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኛ ያፈሰስነውን ለቅመናል፤ የማይለቀም ግን አለ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ አደጋ ሲደርስ «ዕድል ነው» ማለት ለምደናል። ነገር ግን የጨለማ መንገድ ከዕድል ይልቅ በሒሳብ የሚመራ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አንድ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፥ መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ 33 ሜትር አልፏል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ድምሩ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ደግሞ በመኪና አጭር መብራት የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ቀርቦ ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ሰውየውን ባየበት ጊዜ መቆሚያው ቦታ አልፎታል ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን 35 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በጉምና በዝናብ፥ በጠጠር መንገድና በቁልቁለት ሒሳቡ ከዚህ ይከፋል።

ከዚህ ሒሳብ ለእግረኛም የሚሆን ትምህርት ይወጣል። መካነ ሰላም ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ፥ በማታ በእግሩ የሚመላለሰው ተማሪ ጥቂት አይደለም። እኛ ተማሪዎች ጥቁር ጃኬት እንወዳለን፤ ከገበያ የሚመለሱት እናቶቻችን ነጭ ነጠላ፥ አባቶቻችንም ነጭ ጋቢ ይለብሳሉ። በጨለማ መንገድ ላይ ከእኛ ይልቅ የሚታዩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ማታ የሚወጣ ሰው ነጠላም ቢሆን ነጭ ሻርፕ ጣል ያድርግ። ብርሃን የሚመልስ ጨርቅ ያገኘ ደግሞ በቦርሳው ላይ ይስፋው፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። ባትሪ ወይም የስልክ መብራት የያዘ ወደ መሬት ያብራ፤ ወደ ሾፌሩ ዓይን ማብራት ራስን ማሳየት ሳይሆን ሾፌሩን ማሳወር ነው።

አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የዞረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው። መኪና በቀኝ የሚሄድ ከሆነ፥ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ስፍራ እግረኛው የግራውን ጠርዝ ይዞ፥ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ሊሄድ ይገባዋል። ከኋላ የሚመጣውን በጆሮ ብቻ መጠበቅ፥ ይልቁንም ጆሮ በሙዚቃ ተደፍኖ ሳለ፥ ሞኝነት ነው።

አንድ ሌላ ልማድ እናንሣ። መኪና ሲበላሽ ሾፌሮች ድንጋይና ቅጠል ከኋላ ይደረድራሉ፤ ይህ ለማስጠንቀቅ የሚደረግ መልካም ነገር ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ሌሊት ለሚመጣውም ወጥመድ ይሆናል። ተሳፋሪ ሆነን ይህን ባየን ጊዜ ወርደን ድንጋዩን ብናነሣ እጃችን ይቆሽሻል እንጂ ክብራችን አይጎድልም።

ከእንግዲህ ምን እናድርግ? ለማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የማደሪያ ሣጥን እናቁም። እያንዳንዱ ተማሪ በየወሩ ከሻይው ጥቂት ቀንሶ ቢያዋጣ፥ መንገድ ላይ የመሸበት ጓደኛችን የአልጋ ዋጋ ያገኛል። የሚወስደው ሰው ስሙ በይፋ እንዳይነገር፤ እፍረቱ ነውና ወደ ጨለማው የሚገፋን።

ሁለተኛ፥ መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ፈተና ከሰዓት በኋላ አልቆ በዚያው ዕለት ከማደሪያ መውጣት ሲታዘዝ ተማሪው በማታ ይነሣል። አንድ ሌሊት ብቻ ቢጨመር በማለዳ ይሄዳል። እንዲሁም ከዕረፍት ሲመለስ መንገድ ላይ አድሮ አንድ ቀን የዘገየ ተማሪ እንደ ሰነፍ ባይቆጠር፥ ትምህርት ቤቱ የሚያጣው አንድ ቀን ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፥ በመኪና ውስጥ አፋችንን በደንብ እንጠቀምበት። አቀስታ ላይ አንድ ሾፌር በእኛ ጩኸት ተሸነፈ። ያ ጩኸት ሾፌርን ለማስነሣት ከቻለ ለማስቆምም ይችላል። ከመጠን በላይ ሲጭን፥ መብራት ሳይኖረው ሲነሣ፥ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ሲያወጣ፥ እንቅልፍ ሲጥለው ወይም እንቅልፉን በጫት ሲያባርር ባየን ጊዜ በአንድነት «ቁም» እንበል። አንድ ሰው ብቻውን ቢናገር ይሳቅበታል፤ አሥር ተማሪ ከተናገረ ግን ይሰማል። ሾፌሩ በራሱ «እንደር» ሲል ደግሞ ፈሪ አንበለው፤ እናመስግነው።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ትልቅ ገንዘብ አይጠይቁም። መንገዱን ማስፋትና በየጥምዙ መከላከያ ማቆም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህንንም መጠየቅ አንተውም። ነገር ግን መከላከያው እስኪቆም ድረስ በየዕረፍቱ የምንሄደው እኛ ነን።

የእኛ ወላጆች እኛን ለማስተማር በሬ የሸጡ፥ ከሰው የተበደሩ ናቸው። በራቸው ላይ ሆነው የሚጠብቁት ዲግሪያችንን ብቻ አይደለም። በማግሥቱ በጠዋት፥ ዓይናችን በእንቅልፍ ቢያብጥም፥ በሁለት እግራችን ቆመን «እንደምን አደራችሁ» ስንላቸው ለማየት ነው። ያች አሮጊት እናት እንዳሉት መንገዱ ነገም እዚያው ነው። እኛም ነገ እንድንኖር ዛሬ እንደር።

ሁላችንንም በሰላም ያግባን።