የካሜራ ሥርዓት ስለ መምረጥ
በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርእሴ ከሲሚንቶና ከብረት ወጣ ያለ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ወደ መስክ ሲወጡ ካሜራ ይዘው እንደሚሄዱ፣ ከመንገዱና ከድልድዩ ሥራ በሚተርፋቸውም ሰዓት ወፉን፣ ገደሉንና የገበያውን ሰው እንደሚያነሡ አውቃለሁ። ከእነዚሁም አንዳንዶቹ አዲስ ካሜራ ለመግዛት ባሰቡ ቁጥር «የትኛው ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም የብዙ ወር ደመወዝ የሚያስከፍል በመሆኑ በችኮላ የሚመለስ አይደለም።

ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ የሚገዛ ሰው፣ የሚገዛው አንድ ዕቃ ሳይሆን አንድ ሥርዓት መሆኑን አስቀድሞ ሊገነዘብ ይገባል። የሥርዓቱም መሠረት ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ቀለበት መሰል መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያ ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ ለመሐንዲስ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። የካሜራው አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የመጋጠሚያው ዕድሜ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ታሪክ ያሳየናል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኒኮን በ1959 ያወጣው ኤፍ የተባለው መጋጠሚያ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቷል። ካኖን ግን በ1987 ኤፍዲ የተባለውን ትቶ ኢኤፍ የተባለውን አመጣ። የቀድሞው ሌንስ ከፊልሙ በ42 ሚሊሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ሲሆን አዲሱ ካሜራ 44 ሚሊሜትር ይጠይቅ ነበር። በዚህች 2 ሚሊሜትር ምክንያት፣ መስታወት የተጨመረበት አስማሚ ካልገባ በቀር አሮጌው ሌንስ ሩቁን ነገር አጥርቶ ሊያሳይ አልቻለም። ሌንስ ያከማቸው ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም። ሆኖም በእኔ አስተያየት ፋብሪካው ትክክል ነበር፤ ትኩረት የሚያስተካክለው ሞተር በሌንሱ ውስጥ ሆኖ ግንኙነቱ ሁሉ በኤሌክትሪክ እንዲሆን በማድረጉ አዲሱ መጋጠሚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሏል።

በ2018 ሁለቱም ኩባንያዎች መስታወት አልባ ለሆኑት ካሜራዎቻቸው ሌላ መጋጠሚያ አወጡ፤ ኒኮን ዜድን፣ ካኖን አርኤፍን። መስታወቱ ሲወጣ የኒኮን ርቀት ከ46.5 ወደ 16 ሚሊሜትር ወረደ። በዚህ ጊዜ ሒሳቡ ለገዢው ተመቸ፤ 30.5 ሚሊሜትር የሆነ ባዶ ቀለበት በመካከል ቢገባ አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ በትክክል ይቀመጣልና። የአዲሱን ሌንስ ግን ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም። ደግሞም የራሱ ሞተር የሌለው የጥንት ኒኮን ሌንስ በፋብሪካው አስማሚ ላይ ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል።

ወራሽ ያጡ ሥርዓቶችም አሉ። ኒኮን በ2011 የጀመረውን «ኒኮን 1» የተባለውን በ2018 አቆመ። ሳምሰንግም በ2010 የጀመረውን ኤንኤክስ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ተወው። ኦሊምፐስ የካሜራ ክፍሉን ለሌላ አስተላልፎ ከ2021 ጀምሮ ሥራው በአዲስ ኩባንያ እጅ ቢገባም፣ ማይክሮ ፎር ሠርድስ የተባለው መጋጠሚያ አልሞተም፤ ከ2008 ጀምሮ ፓናሶኒክም ተጋርቶት ነበርና። ብዙ ፋብሪካ የሚጋራው መጋጠሚያ አንድ ባለቤት ብቻ ካለው ይልቅ የሚያስተማምን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ስፋት ነው። ትልቁ 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የማይክሮ ፎር ሠርድስ 17.3 በ13 ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበላለጣሉ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ ብርሃን በጠባብ መስኮት ብቻ በሚገባበት ስፍራ፣ ያለ ብልጭታ ለማንሣት የሚሻ ሰው ትልቁን ቢመርጥ አልነቅፈውም። በስሜን ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ በእግሩ እየሄደ ጭላዳ ለሚያነሣ ግን ሌላ ነው፤ በትንሹ ሰሌዳ ላይ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ በትልቁ ላይ የ600ውን ያህል ያቀርባል፤ ትከሻም ያርፋል። ሁለቱንም በእኩል የሚያደርግ ካሜራ ፍለጋ ገንዘብ ያባክናል።

ስለዚህ ለጠያቂዎቼ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ በመጪዎቹ አምስት ዓመታት በእርግጥ የምትጠቀሙባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሌንሶች በወረቀት ጻፉ፤ ዋጋቸውን ደምሩ፤ ካሜራውን በተረፈው ግዙ። ጥቂት የሚተርፍ ከሆነ ያገለገለ ካሜራ ውሰዱ እንጂ ሌንሱን አታሳንሱ። መስታወት አልባው ካሜራ በኤሌክትሮኒክ መመልከቻው ምክንያት ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ፣ መብራት በሌለበት መስክ ለሚሰነብት ሁለት ትርፍ ባትሪ በሒሳቡ ይግባ።

ብዙዎቻችን ዕቃውን የምናገኘው ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። የዋስትናው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከተገዛበት አገር ውጭ ስለማይሠራ፣ ዘመድዎ ከመሳፈሩ በፊት ሞክሮ እንዲያየው አደራ ይበሉት። ያገለገለ ሌንስ ከሆነ ደግሞ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ መስታወቱን ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን የሆነ መረብ ከታየ ሻጋታ ነውና ይተወው። የቀረውን በጥያቄው ሰዓት እንነጋገርበታለን።